ተጨማሪ መረጃ፦ የአየር ፍሬንና የከፍታ ቦታ ማረፊያ

የአየር ፍሬን ከአውሮፕላኑ አካል ወይም ከክንፉ ላይ እንደ መስኮት መዝጊያ ተከፍቶ ነፋስ የሚገታ፣ የአየሩንም ወደ ኋላ መጎተት የሚጨምር ሳንቃ ነው። በሬዲዮ በሚመራ ሞዴል ጄት ላይ ሳንቃውን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ የተባለ ትንሽ ሞተር ነው። የጄት ሞተር ዝቅተኛ ዙር ላይ ሆኖም ሞዴሉን መግፋቱን ስለማያቆም፣ ኃይል ሲፈለግም ዙሩ የሚያድገው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ አብራሪው ፍሬኑን ከፍቶ ሞተሩን በመካከለኛ ዙር ይዞ ይወርዳል፤ ማረፉ ካልተሳካ ፍሬኑን አጥፎ ወዲያው ሽቅብ መመለስ ይችላል። የፍሬኑ ዋና ጥቅም ይኸው ነው።

የማረፊያው ቦታ ከፍታም ለውጥ ያመጣል። ለምሳሌ በሰሜን አዲስ አበባ ዊንጌት አካባቢ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በመሆኑ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው በ22 በመቶ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ጠለል በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚያርፍ ሞዴል እዚያ ክንፉ እንዲሸከመው ወደ 68 ኪሎ ሜትር መብረር ይኖርበታል፤ ሜዳውን ሲነካ የሚይዘው የእንቅስቃሴ ጉልበትም በ28 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በማረፊያው ፍጥነት የፍሬኑ ጉተታ በሁለቱም ቦታ እኩል ቢሆንም ማቆም ያለበት ጉልበት ስለበዛ ሞዴሉ ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል።

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፍ የመንገደኞች ጄት ጎማው መሬት እንደነካ ክንፉ ላይ ብድግ የሚሉት ሳንቃዎች ግን ከመጎተት ሌላ የክንፉን የማንሳት ኃይል ሰብረው የጎማ ፍሬኑ እንዲይዝ ክብደቱን ወደ ጎማዎቹ ያወርዳሉ።