የፕሮፌሰር ዶናልድ ካምቤል የሥራ ዘመንና የመንግሥት ፕሮግራሞች ምዘና

በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት እ.ኤ.አ በ1955 በትራፊክ አደጋ 324 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የግዛቲቱ ገዥ አብርሃም ሪቢኮፍ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ የሚያሽከረክሩ ሰዎችን መንጃ ፈቃድ የሚያሳግድ ጥብቅ እርምጃ ተግባራዊ አደረጉ። በቀጣዩ ዓመት የሟቾች ቁጥር 284 ሆነ። ገዥውም የ40 ሰዎች ሕይወት መትረፉን በመጥቀስ ፕሮግራሙ ውጤታማ መሆኑን አስታወቁ።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ፕሮፌሰር ዶናልድ ካምቤል ከሎውረንስ ሮስ ጋር እ.ኤ.አ በ1968 ባሳተሙት ጥናት ይህን አኃዝ እንደገና መርምረዋል። ሁለቱን ዓመታት ብቻ ከማነጻጸር ይልቅ የበርካታ ዓመታትን መረጃና የአጎራባች ግዛቶችን ሁኔታ ተመልክተዋል። 1955 የሟቾች ቁጥር ባልተለመደ ሁኔታ ያሻቀበበት ዓመት ነበር። እንዲህ ካለው ዓመት በኋላ አኃዙ ምንም እርምጃ ባይወሰድም ወደ ወትሮው መጠን የመመለስ ዝንባሌ አለው። የሞት አደጋው በቀጣዮቹ ዓመታትም መቀነሱን አጥኚዎቹ አልካዱም፤ ቅናሹ በእርምጃው ምክንያት ስለመምጣቱ ግን የማያሻማ ማስረጃ አላገኙም። ይልቁንም መንጃ ፈቃዳቸው ታግዶ የሚያሽከረክሩ ሰዎች መበራከታቸውን፣ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ አይደሉም የሚባሉትም መጨመራቸውን አረጋግጠዋል።

ፕሮፌሰር ካምቤል እ.ኤ.አ በ1916 በሚቺጋን ግዛት የተወለዱ ሲሆን፣ በ1947 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተዋል። ከ1953 እስከ 1979 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ሲሆን፣ በ1975 የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

እዚህ ላይ ምዘና ሲባል በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛው ጠንካራና ደካማ ጎን የሚነሳበት የግምገማ ስብሰባ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ምሁሩ በ1969 ባወጡት ጽሑፍ የተመለከቱት የኃላፊውን አጣብቂኝ ነው። አንድ ኃላፊ ፕሮግራሙን ብቸኛ መፍትሔ አድርጎ ካስተዋወቀ የፕሮግራሙ ውድቀት የራሱ ውድቀት ስለሚሆንበት እውነተኛ ምዘናን ይሸሻል። ኃላፊው ለችግሩ አሳሳቢነት ከቆመና አንዱ መፍትሔ ካልሠራ ሌላው እንደሚሞከር አስቀድሞ ካሳወቀ ግን ውጤቱን የሚፈራበት ምክንያት አይኖርም።

በስማቸው የሚጠራው ሕግ ደግሞ አንድ አኃዝ ለውሳኔ መሠረትነት ይበልጥ በዋለ ቁጥር ይበልጥ ለመዛባት እንደሚጋለጥ ያስረዳል። ፖሊስ እልባት ባገኙ ወንጀሎች ብዛት ሲመዘን አቤቱታዎችን ሳይመዘግብ የሚቀርበት ሁኔታ ከጠቀሷቸው ምሳሌዎች አንዱ ነው።

ፕሮፌሰሩ በ1996 ያረፉ ሲሆን፣ የማኅበራዊ ፕሮግራሞችን ውጤት የሚመለከቱ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመረምረው ካምቤል ኮላቦሬሽን በ2000 በስማቸው ተቋቁሟል።