እርግብግቢት ከተዘጋ በኋላ

በአራስ ልጅ አናት ላይ፣ ከግንባሩ ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ ገና ያልገጠመበት ለስላሳ ቦታ አለ። አማርኛ እርግብግቢት ይለዋል፤ ስሙ ከሥራው የወጣ ነው። ቅቤ የምትቀባው እናት ከጣቷ ሥር ትር ትር ሲል ይታወቃታል። የሚርገበገበው አንጎሉ ነው። ልብ በመታ ቁጥር ደም ሲገባበት ከፍ፣ ሲወጣለት ዝቅ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አጥንቱ ይገጥምና ከላይ የሚታይ ነገር አይኖርም። ትርታው ግን ዕድሜ ልክ ከአጥንቱ ሥር ይቀጥላል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ትርታ በአዋቂ ሰው ላይ ማየት የፈለገው የቱሪኑ ተመራማሪ አንጀሎ ሞሶ፣ የራስ ቅላቸው በጉዳት የተከፈተ ሰዎችን ከማጥናት ሌላ መንገድ አልነበረውም። አንዱ ገበሬ ነበር። መሣሪያው የአንጎሉን ትርታ እየመዘገበ ሳለ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ፤ ትርታው በረታ። ሞሶ በዚህ ሰዓት ጸሎት ታደርስ ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቀውም እንደገና በረታ።

ዛሬ የተከፈተ ራስ ቅል መጠበቅ ቀርቷል፤ ኤም አር አይ አለ። ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ የሚያውቀው ዕጢ ወይም የዲስክ መንሸራተት ሲፈለግ ነው፤ ምስሉም የማይንቀሳቀስ ይመስለዋል። ነገር ግን የዚያው መሣሪያ ማግኔት የደምን ጉዞ ይለካል፣ የሚለካበትም ዘዴ እጅግ ያምራል።

በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን ኒውክሊየስ በማግኔት መካከል ሲገባ እንደ እንዝርት ይሾራል። ማግኔቱ ሲበረታ ይፈጥናል፣ ሲላላ ይዘገያል። መሣሪያው ማግኔቱን በአንድ ወገን ጠንከር፣ በሌላው ላላ ያደርግና ወዲያው ይገለብጠዋል። ባለበት የቆመው እንዝርት በመጀመሪያው ያተረፈውን ዙር በግልበጣው መልሶ ይከስራል፤ ሒሳቡ ዜሮ ይመጣል። በደም ሥር ውስጥ የሚጓዘው ግን ግልበጣው ሲደርስ ቦታውን ለቋል። ትርፉና ኪሳራው ስለማይጣጣሙ ልዩነት ይቀራል፤ ያ ልዩነት የደሙን ፍጥነት ይናገራል። ለዚህ ልኬት መርፌም ሆነ የኤክስሬይ ጨረር አያስፈልግም። ጣት ላይ የሚደረግ የልብ ምት መከታተያ ብቻ ይጨመራል፤ በእሱ እየተመሩ ከብዙ ምቶች የተሰበሰበው ልኬት የአንድ ምት ታሪክ ሆኖ ይቀናበራል።

ከዚያ የሚቀረው ቀላል ሒሳብ ነው። ከከፍተኛው ፍጥነት ዝቅተኛው ተቀንሶ ለአማካዩ ይካፈላል። ቁጥሩ ሲተልቅ ደሙ እየተወረወረ፣ ሲያንስ ረጋ ብሎ እየፈሰሰ ይገባል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ለምን ያሳስባል? አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ልብ ከሚረጨው ደም 15 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ሰው ወጣት ሳለ ከልብ የሚነሳው ትልቁ ደም ቅዳ እየተለጠጠና እየተመለሰ የምቱን ጉልበት ያበርደዋል። ዕድሜና ደም ግፊት ሲያደርቁት ግን ምቱ ሳይበርድ አንጎል ውስጥ እስካሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ይዘልቃል። የትርታው መበርታት ከእነዚህ ሥሮች ጉዳት ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች አሳይተዋል። የሥሮቹ ጉዳት ደግሞ ወደ ስትሮክና ወደ መርሳት በሽታ ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ ነው።

አብዛኞቹ የሆስፒታል መሣሪያዎች የማግኔት ጉልበታቸው 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው፤ ትልልቆቹን የደም ሥሮች ለመለካት ይበቃሉ። ለቀጫጭኖቹ የበለጠ ጉልበት ያሻል። በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ሥራቸው በ7 ቴስላ ማግኔት፣ ማለትም ከመሬት ማግኔት ከ100,000 ጊዜ በላይ በሚበረታ ኃይል፣ ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል የሚገቡትን ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ትርታ ለክተዋል።

ራስ ቅል ዝግ ስለሆነ ደም ሲገባ የሚወጣ ነገር መኖር አለበት። ከሚወጡት አንዱ አንጎልን የከበበው ንጹህ ፈሳሽ ነው። በየምቱ ጥቂት ወደ አከርካሪ ይወርዳል፣ ተመልሶም ይወጣል። በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህ ፈሳሽ በደም ሥሮች ዙሪያ እየተገፋ ቆሻሻ እንደሚያጥብ ይጠቁማሉ፤ በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ።

ለዚህም ነው የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን በሚጮኸው የኤም አር አይ መሣሪያ ውስጥ እንዲያንቀላፉ ያደረጉት፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል። ተኝተው ሳሉ በከባድ እንቅልፍ ውስጥ፣ ከልብ ምት እጅግ የዘገየ ሌላ ሞገድ ታየ። መጀመሪያ የነርቮቹ እንቅስቃሴ ጋብ ይላል፤ ቀጥሎ በአንጎል ውስጥ ያለው ደም ይቀንሳል፤ ደሙ በለቀቀው ቦታ ፈሳሹ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ በየ20 ሴኮንዱ ገደማ ይደጋገማል።