የይድነቃቸው አባት

አራዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ሆኖ ይድነቃቸው ተሰማን የማያውቅ አይገኝም። ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። «ተሰማ የተባሉት አባታቸውስ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ብዙው ወጣት መልስ ያጣል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የምንጃር ሰው ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። መሪ ሊጨብጡ ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸው ተመለሱ፤ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው መሆናቸው ነው። ያኔ ድምፅ የሚቀረጸው በመርፌ ሰም ላይ ነበር፤ ሸክላው የሚታተመው ከሰሙ ላይ በተወሰደ ቅርጽ ነው። የሰምና ወርቅ ሰው ድምፃቸውን መጀመሪያ ያኖሩት እውነተኛ ሰም ላይ መሆኑን ባሰብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ።

አዝማሪ በሚናቅበት ዘመን፣ ሹመት ያለው ሰው ማዜሙ በራሱ ድፍረት ነበር። ቅኔያቸውም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚጻፍ ዓይነት ሳይሆን በጨዋታ መሐል ድንገት ፈልቆ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ ነው። «የአራዳ ልጅ» የምንለው ፈጣን አንደበት ይኼ ይመስለኛል፣ ምንጃሮች ይቅር ይበሉኝና።

ነጋድራስ ተሰማ የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ነበሩ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የባለቅኔውም ዕድል አብሮ ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ ግን ረጅም ዕድሜ ኖረዋል፤ ያረፉት በ1957 ዓ.ም. ነው።

ግጥሞቻቸውን የሰበሰቡት ልጃቸው ይድነቃቸው ናቸው። «ሰምና ወርቅ» የተሰኘው መጽሐፍ በ1985 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ ግን ሰብሳቢው ካረፉ ዓመታት አልፈው ነበር። የሸክላዎቹም ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ፣ በ27ኛው ቅጽ፣ እንደገና ወጥቷል።

በአየርላንድም ራፍተሪ የሚባል ዐይነ ስውር ባለቅኔ ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ በአይሪሽ እየገጠመ በየመንደሩ ይዞር የነበረ፣ በ1835 እ.ኤ.አ. የሞተ። ዳግላስ ሃይድ የተባለ ምሁር ግጥሞቹን ከሽማግሌዎች አፍ ለቃቅሞ በ1903 እ.ኤ.አ. አሳተመለት። ሃይድ ኋላ የአየርላንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ሁለቱም ሰብሳቢዎች ፕሬዚዳንት መሆናቸው ይገርማል፤ አንዱ የአገር፣ አንዱ የኳስ።

የአፍ ቅኔን መሰብሰብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስንኙ ሲተርፍ ምክንያቱ ይጠፋል። ማን ተሰድቦ ነው? ማን ሰው ፊት ተባለ? ይኼ ከሌለ ሰሙ ይቀርና ወርቁ አይገኝም። ስለዚህ በየቤታችሁ አያቶች ግጥም ሲሉ ስትሰሙ ግጥሙን ብቻ አትጻፉ፤ የተባለበትንም ቀን ጠይቁ።

ዶሮ ማነቂያ ያደጉት አባቴ የነጋድራስ ተሰማ ናቸው እያሉ የሚያወርዷቸው ስንኞች አሉ። የእውነት የእሳቸው ይሁኑ አይሁኑ በመጽሐፉ አመሳክራለሁ፤ ለታዋቂ ሰው የሌላውን ግጥም መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው። በፊት አባቴ አንድ ቃል ሲጠፋባቸው ጎረቤት ያቃናላቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ አሁን አራሚ የለም።

ባለፈው እሑድ ስልኬን ከፍቼ ልቀርጻቸው ተቀመጥኩ። ቅድሚያ ቤቱን ገለጹልኝ፣ ጠጁን፣ በር ላይ የቆመውን አሽከር። ግጥሙ ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ስንኝ ብለው ሁለተኛው ጠፋባቸው። «ቆይ» አሉና ወደ አንድ የዱሮ ጎረቤታቸው ስልክ አስደወሉኝ። ሽማግሌው ከወዲያ ሆነው ስንኙን ሞሉላቸው፤ አባቴ ግን «እንደሱ አይደለም!» አሉ። ክርክራቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ሁሉንም ቀርጬዋለሁ።