የሞተሩን ትንፋሽ የምትለካ መርፌ
የቤንዚን ሞተር ሕመሙን በድምፅ ብቻ አይናገርም። የቫኪዩም ጌጁ ጎማ ከካርቡራተሩ በታች ባለው ማኒፎልድ ይገጠምና፣ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ መርፌዋ ትነበባለች። በባሕር ጠረፍ የጤነኛ ሞተር መርፌ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ላይ ጸጥ ብላ ትቆማለች። ይሁን እንጂ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ያህል ስለሚቀንስ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ 8 ያህል ይጎድላል። እዚያ 12 ኢንች አይቶ ደንግጦ ሞተር የሚያስፈታ ባለመኪና የወር አስቤዛውን በከንቱ ይበትናል፤ ባለቤቱ ብትቆጣም እውነት አላት!

መርፌዋ በእኩል ፋታ ወረድ መለስ ካለች ግን አንድ ቫልቭ ተቃጥሎ ወይም አልዘጋ ብሎ ይሆናል። ሳትንቀጠቀጥ ዝቅ ካለች የእሳቱ መዘግየት ወይም የጋስኬት ማስተንፈስ ይጠረጠራል፤ አስቀድሞ ግን ጎማው ራሱ አየር አለመሳቡ ይታይ። ጌጁ ሲነሣ ቀዳዳውን መድፈን አይዘንጋ።