ለወለሉ የተጨነቅነውን ያህል ለእጃችንስ?

ኦስሎ ውስጥ ምድር ቤት መኪና አቁማችሁ ታውቃላችሁ? ወለሉ ግራጫ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ የመቆሚያው መስመር በቢጫ ተሠምሯል። በበረዶው ወራት ከመንገድ የመጣ ጨዋማ ውኃ ይንጠባጠብበታል፤ ብረት የተሰካበት የክረምት ጎማ ይፍቀዋል። እሱ ግን ችሎት ይኖራል። ያ የሚያብረቀርቀው ነገር ኢፖክሲ ይባላል። ከሚያፈሱት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። «ነበርኩ» ያልኩት አሁን ስለማልችል ነው።

ኦስሎ የመጣሁት ለማስተርስ ነው። ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የምንመጣ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ እንከፍላለን፤ የቤት ኪራዩን እናንተም ታውቁታላችሁ። በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ስለሚፈቀድልን አንድ የአገር ልጅ «ወለል የሚሠራ ድርጅት ሰው ይፈልጋል» ሲለኝ ዓይኔን አላሸሁም። ቀለም መቀባት ምን ያቅታል ብዬ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ አልናብሩ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ ነበር። አብረውኝ የነበሩት ጋሼ የምንላቸው፣ ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ የቆዩ አባት ናቸው። ሮለሩን ሳነሳ አይተው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ እናትህ አዲስ ምጣድ ሳታሟሽ እንጀራ ጋግራ ታውቃለች? መጀመሪያ ወለሉን እናሟሸው እንጂ!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የሥራው ትልቁ ክፍል ኢፖክሲው ከመፍሰሱ በፊት ያለው ነው። የአርማታው የላይኛው ቆዳ ደካማ የሲሚንቶ ዱቄት ስለሆነ በአልማዝ መፍጫ ማሽን ይፈጋል፤ አቧራው በቫኪዩም ይመጠጣል። ከዚያ ፕራይመር የሚባለው ቀጭን ንብርብር ይገባል፤ የአርማታውን ቀዳዳ ይዘጋል፣ ሥር ይይዛል። እሱ ሳይጠነክር የኳርትዝ አሸዋ ይነሰነስበታል፤ ቀጣዩ ንብርብር የሚጨብጠው እንዲያገኝ። ሲጠነክር የተረፈው አሸዋ ተጠርጎ ዋናው ንብርብር ይፈስሳል። ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ፖሊዩሬቴን ይቀባል፤ ኢፖክሲ ብቻውን ፀሐይ ሲመታው ቢጫ ይሆናልና።

በንብርብሮቹ መካከል ያለው ሰዓትም ሥራ ነው። ብትቸኩል የታችኛው ይበላሻል። ብትዘገይ ደግሞ፣ እንደ ምርቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ፣ የታችኛው ጠንክሮ የላይኛውን አልቀበልም ይላል። ያኔ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው።

ቀለም የሚደርቀው ውኃው ወይም ቲነሩ ሲተን ነው። ኢፖክሲ ግን አይደርቅም፤ ይጠነክራል። በአንዱ ባልዲ ሬዚኑ፣ በሌላው ማጠንከሪያው አለ። ሲደባለቁ እርስ በርስ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ልኩ ከተዛባ አጋር ያጣው ይቀራል፤ ወለሉም እዚያ ቦታ ላይ ለዘላለም ይጣበቃል። «ማጠንከሪያ ልጨምርበትና ይፍጠን» ብሎ ነገር የለም። ሲያያዙ ሙቀት ስለሚያወጡ የተደባለቀ ባልዲ አስቀምጠህ ቡና ልጠጣ ብትል ተመልሰህ የምታገኘው የሚጨስ ድንጋይ ነው። በ20 ዲግሪ ያለህ ጊዜ ለብዙዎቹ ምርቶች ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይርቅም።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ከጋሼ ነው እንጂ ከቀጣሪው አይደለም። ቀጣሪው የሚያውቀው የማስረከቢያ ቀን ነበር።

አንድ ምድር ቤት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አየሩ 15 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ነበር። በዚህ ልክ ጤዛ የሚወርድበት ሙቀት 9.6 ዲግሪ ገደማ ነው። የሥራው ደንብ ወለሉ ከዚያ ቢያንስ በ3 ዲግሪ ይሙቅ ይላል። ወለሉን ስንለካው 11 ነበር። ጋሼ «ዛሬ አይሆንም፣ ማሞቂያ ይግባና ነገ» አሉ። መልሱ «ነገ ሌላ ሥራ አለ፤ አፍስሱ» የሚል ነበር። አፈሰስን። በሦስተኛው ወር ተጠራን። ወለሉ አብጦ፣ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይነሳ ነበር። ጥፋተኛ የተባልነውም እኛው ነን።

የወለሉስ ይሁን፤ ወለል ተፍቆ እንደገና ይሠራል። የእጅ ግን እንደዚያ አይደለም።

የሚሰጠን ጓንት ቀጭን ላቴክስ ነበር። ሲቀደድ በባዶ እጄ የቀጠልኩበት ቀን አለ። የተጣበቀብኝን በቲነር አጥቤያለሁ፤ ቲነሩ ሬዚኑን ቆዳ ውስጥ ይበልጥ እንደሚያስገባው የነገረኝ አልነበረም። በአምስተኛው ወር የእጅ አንጓዬ ያሳክከኝ ጀመር። ብርዱ ነው ብዬ ቫዝሊን ቀባሁ። ከዚያ ዓይኔ አበጠ። ባልዲው ሲከፈት ብቻ፣ ሳልነካው፣ ፊቴ ይቀላ ነበር። ሐኪም ቤት ጀርባዬ ላይ ትንንሽ ፕላስተሮች ለጠፉብኝ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ተነስተው ሲታዩ የኢፖክሲው ቦታ ቆስሏል። ሐኪሟ በትሕትና ነገረችኝ፤ ይህ አለርጂ አንዴ ከመጣ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። በጠነከረው ወለል ላይ እንደማንም ሰው እራመዳለሁ። ያልጠነከረው አጠገብ ግን መድረስ አልችልም።

ለጋሼ ስነግራቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን አሳዩኝ። እንደኔው ነው። «ጋሼ፣ ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» ብላቸው «ልጆች አሉኝ» አሉ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳቸውም።

ይህን የምጽፈው ቀጣሪን ለመክሰስ አይደለም። እኛ ራሳችን ስለማናውቀው መብት ነው። ባልዲው ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት አለ፤ ከምልክቱ ሥር «የቆዳ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል» ተብሎ በኖርዌይኛ ተጽፏል። ኖርዌይኛ ተምረን ፈተና ያለፍን ሰዎች ነን፤ ግን አንብበነው አናውቅም። እያንዳንዱ ምርት 16 ክፍል ያለው የደኅንነት መረጃ ሰነድ አለው፤ ቀጣሪው በኖርዌይኛ አስቀምጦ ሠራተኛው እንዲያየው የማድረግ ግዴታ አለበት። ክፍል 8ን ብቻ ብታነቡ የትኛው ጓንት እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል። ሥልጠናም ሆነ መከላከያ ዕቃ የሚሰጠው በቀጣሪው ወጪ ነው። ከ2024 ጀምሮ 5 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የሠራተኞች የደኅንነት ተወካይ ሊኖረው ይገባል፤ ተወካዩ በሕይወትና በጤና ላይ የሚመጣ አደጋ ሲያይ ሥራ የማስቆም ሥልጣን አለው። አርባይድስቲልሲነ ለሚባለው የሥራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጥቆማ ብትሰጡ የጠቆመው ማን እንደሆነ ለቀጣሪው አይነገርም። ሕመሙ ከሥራ የመጣ ነው ብሎ የጠረጠረ ሐኪምም ለዚሁ መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ናቭም የሥራ በሽታ ብሎ ሊያጸድቀው ይችላል። እኔ ይህን ያወቅኩት ከታመምኩ በኋላ ነው።

«ጠያቂ ከሆንክ ሥራ ታጣለህ» የሚሉኝ አሉ። ሐሰት ነው አልልም፤ የሰዓት ሠራተኛን ሳይጠሩ መተው ቀላል ነው። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እኔ ዝም ያልኩት አምስት ወር ለመሥራት ነበር። ዝምታዬ የከፈለኝ አምስት ወር ነው፤ የወሰደብኝ ደግሞ ሙያውን በሙሉ። ለዚያውም የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ኢፖክሲ ድልድይ ጥገና ላይም፣ የአርማታ ስንጥቅ መሙላት ላይም አለ። ከትምህርቴ አንዱ በር ተዘግቶብኛል።

ሙያውን አገር ቤት እንውሰደው ለምትሉም አንድ ቃል አለኝ። አዲስ አበባ ጋራዥና ሱቅ ውስጥ ሊሾው ላይ ኢፖክሲ ማፍሰስ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን መሬት ላይ የተቀመጠ ወለል ሥር ላስቲክ ካልተነጠፈ እርጥበት ከታች ይመጣል፤ በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ይብሳል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፋችሁ 16 ሰዓት ተዉት። ሥሩ ካላበ ወይም ወለሉ ከጠቆረ አታፍስሱ። ላስቲኩ ደረቅ ቢሆንም በመሣሪያ መለካቱ አይቀርም። የምትቀጥሯቸውን ልጆች ደግሞ በባዶ እጅ አታሠሩ። እዚህ የተደረገብንን እዚያ እኛ ብናደርገው ያሳፍራል።

ጋሼ ዛሬም እየሠሩ ነው። ባለፈው ግሮንላንድ ላይ አግኝቻቸው አንድ ካርቶን ወፈር ያለ ኒትራይል ጓንት ሰጠኋቸው። «እኔማ አልፎብኛል፣ ለአዲሶቹ ልጆች እሰጠዋለሁ» አሉኝ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ባልዲ ልትከፍቱ የምትሄዱ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ከሆናችሁ ሳትለብሱ አትጀምሩ። ሲቀደድም ቀይሩት።