እግሯን እስክታነሳ መጠበቅ

ጌታችን ኢየሱስ በተራራው ስብከቱ ወፎችን እንድንመለከት አዝዞናል (ማቴ. 6፥26)። በዚያ ስፍራ የገባው የግሪክ ቃል ትኩር ብሎ ማየትን እንደሚያመለክት በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ቃሉን ለፈተና አጠናሁት እንጂ አንዲትም ወፍ ትኩር ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ ቅዳሜ ጠዋት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በእግር መሄድ ጀመርን። እውነቱን ለመናገር ከቤት ያወጣን የወፍ ፍቅር አልነበረም። ንግግራችን ሁሉ ስለ ስብሰባ፣ ስለ ለቅሶ ቤትና ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ ሆኖብን ስለነበር ነው። አንድ ወንድም ባይኖኩላር አዋሰን፤ ቢያንስ አብረን የምናየው ነገር አገኘን።

ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም

በውሃ ዳር የሚቆሙት ባለ ረጅም እግር ነጫጭ ወፎች በመጀመሪያ ለእኔ ሁሉም አንድ ነበሩ። አስጎብኚዎች ኢግሬት ይሏቸዋል። ቀስ በቀስ ግን ሦስቱን መለየት ቻልን።

የከብት ኢግሬት ቁመቷ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። አንገቷ አጠር፣ ምንቃሯ ቢጫ። ከብቶች ሲራመዱ ከሣሩ የሚያስነሷቸውን ፌንጣዎች እየተከተለች ትለቅማለች። በመራቢያ ወቅት አናቷ፣ ደረቷና ጀርባዋ ወደ ብርቱካናማ ያደላል።

ታላቁ ኢግሬት አንድ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ምንቃሩ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው፤ በመራቢያ ወቅት ግን ሊጠቁር ስለሚችል ቀለሙ ብቻውን ያሳስታል። የአፉ መስመር ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ መሄዱን ማየት ይሻላል።

ትንሿ ኢግሬት ምንቃሯ ቀጭንና ጥቁር፣ እግሯም ጥቁር ነው። ጣቶቿ ግን ቢጫ ካልሲ ያደረገች ያስመስሏታል። ችግሩ ካልሲው ውሃ ውስጥ መሆኑ ነው!

ያ ቅዳሜ

አንድ ጠዋት ብቻዋን በቆመች ነጭ ወፍ ላይ ተከራከርን። እኔ «ታላቁ ነው» አልኩ፤ እሱ «ትንሿ ናት» አለ። የምናወዳድርበት ሌላ ወፍ በአጠገቧ አልነበረም። ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅሁት በአቅራቢያችን መረብ የሚጠግን ወጣት ፈገግ ብሎ «እትዬ፣ እግሯን እስክታነሳ ይጠብቁ» ሲለኝ ነው። ጠበቅን። ወፏ ዓሣ ለማስደንገጥ በእግሯ ጭቃውን ማተራመስ ጀመረች፤ ከዚያ አንድ እግሯን ስታነሳ ቢጫው ታየ። ተሸነፍኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን ልቤ ወፏ ላይ አልነበረም። ባለቤቴ ማታ ማታ ዝም ሲል «አኩርፎኛል» ብዬ ስንት ጊዜ ፈርጃለሁ? በመንገድ ላይ ጠየቅሁት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔም እንደ ወፏ ጠበቅሁት። በመጨረሻ በዚያ ወር ስለቀበራቸው ሁለት ወጣቶች አወራኝ፤ ሐዘኑን ወደ ቤት ይዞ ላለመግባት ዝም ይል እንደነበር ነገረኝ። እኔ ኩርፊያ ያልኩት ሐዘን ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱም ብቻውን ስለተሸከመው ይቅርታ ጠየቀኝ።

ለመጀመር ለምትፈልጉ

ጠዋት ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። በመጀመሪያ መጠኗን በአጠገቧ ካለ ወፍ ጋር አወዳድሩ፤ ቀጥሎ ምንቃሯን፣ እግሯንና የምትሠራውን አስተውሉ። በነጭነቷ ብቻ አትወስኑ። ስኳኮ የምትባለው ወፍ ተቀምጣ ቡናማ ናት፤ ስትበር ግን ክንፎቿ ነጭ ስለሆኑ ኢግሬት ትመስላለች። እኛን ደጋግማ አታልላናለች።

ሰው ፊትን እንደሚያይ፣ እግዚአብሔር ግን ልብን እንደሚያይ ሳሙኤል በእሴይ ቤት ተምሯል (1ሳሙ. 16፥7)። እኛ ልብን ማየት ባንችል እንኳ ከመፍረዳችን በፊት መጠበቅና መጠየቅ እንችላለን።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ዛሬ ማታ የትዳር ጓደኛችሁ ዝም ቢል ምን ብላችሁ ትፈርዳላችሁ? እባካችሁ፣ እግሯን እስክታነሳ ጠብቁ።