ሥላሴ የቆስጠንጢኖስ ፈጠራ ነውን?

ተረት፦ ሥላሴን በ325 በኒቅያ ጉባኤ ላይ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ፈጠረው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እውነታ፦ ይህች ወሬ ለአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ትመቻለች፤ ጉዳቷ ግን ረጅም ነው። «ተታልለን ኖረናል» ብለው ከጸሎት የቀሩ፣ ከወላጆቻቸው የተቃቃሩ ወጣቶች አይቻለሁ። ሰባኪውን ሲጠይቁት ደግሞ «ምሥጢር ነው፣ አትመራመሩ» ብሎ ይሸኛቸዋል። ምሥጢሩ የእግዚአብሔር ባሕርይ እንጂ የጉባኤው ታሪክ አይደለም፤ ታሪኩማ ተጽፎ ተቀምጧል።

ወሬዋ ጨርሶ መነሻ የላትም አልልም። ጉባኤውን የጠራው ንጉሡ ነው፤ የጳጳሳቱን መጓጓዣ ችሏል፣ በስብሰባው ተገኝቷል፣ ወልድ ፍጡር ነው የሚለውን አርዮስንና የጉባኤውን ውሳኔ ያልተቀበሉ ሁለት ጳጳሳትን ወደ ግዞት ልኳል። የማንን ወገን በልቡ እንደያዘ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከራሉ።

ትምህርቱ ግን ከእሱ ይቀድማል። የማቴዎስ ወንጌል በጥምቀት ትእዛዝ ሦስቱን በአንድነት ይጠራል። ሦስትነትን የሚገልጸውን ቃል የአንጾኪያው ቴዎፍሎስ በ180 ገደማ በግሪክኛ ጽፎታል፤ ከእሱ በኋላ የካርቴጁ ተርቱሊያን በላቲን። ያኔ ቆስጠንጢኖስ አልተወለደም። የኒቅያ ክርክር ወልድ ፍጡር ነው ወይስ በባሕርዩ ከአብ ጋር አንድ ነው በሚለው ላይ ነበር። መንፈስ ቅዱስን የኒቅያው ጸሎተ ሃይማኖት በአንድ ሐረግ ብቻ አንሥቶ አልፏል፤ የተብራራው በ381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ነው። ሥላሴ ኒቅያ ላይ ተፈጥሮ ቢሆን ሦስተኛውን አካል እንዲህ በችኮላ ባላለፉት!

ከዚያስ? ቆስጠንጢኖስ አርዮስን ከግዞት መልሶ፣ ለኒቅያ እምነት የሚሟገተውን አትናቴዎስን በ335 ወደ ትሪየር አጋዘ። በ337 ሊሞት ሲል ያጠመቀውም ለአርዮስ ያደላ የነበረው የኒቆምዲያው አውሳብዮስ ነው። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆስጠንጢዮስ ደግሞ ባሰ፤ በ356 ገደማ ለአክሱሞቹ ኢዛናና ሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ አትናቴዎስ ጳጳስ አድርጎ የሾመው ፍሬምናጦስ፣ የእኛው አባ ሰላማ፣ እምነቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ይላክልኝ አለ። የኒቅያ እምነት የመንግሥት ሕግ የሆነው በ380፣ በቴዎዶስዮስ ዘመን ነው። ነገሥታት ፈጠሩት የሚባለው ትምህርት ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ በነገሥታት ተሳደደ!

ተረት፦ ሥላሴ ሦስት አማልክት ማለት ነው።

እውነታ፦ ትምህርቱ አንድ መለኮት፣ ሦስት አካላት ይላል። መካድ የፈለገ ይካድ፤ የተባለውን ግን አውቆ ይካድ።

ተረት፦ ውሃ በረዶም እንፋሎትም እንደሚሆን፣ ሥላሴም እንዲሁ ነው።

እውነታ፦ ይህ የሰባልዮስ ኑፋቄ ነው፤ አንዱ አካል መልኩን እየለዋወጠ ታየ እንደማለት። በዮርዳኖስ ግን ወልድ ሲጠመቅ አብ ተናገረ፣ መንፈስ ቅዱስም ወረደ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ። የአብነት መምህራን የፀሐይን ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት የሚመርጡት ሦስቱ አብረው ስለሚገኙ ነው፤ እሱም ቢሆን ከምሳሌነት አያልፍም።

ተረት፦ 1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ከሌለ ሥላሴ የለም።

እውነታ፦ በሰማይ ስለሚመሰክሩት ሦስቱ የሚናገረው ሐረግ በጥንታውያን የግሪክ ብራናዎች ውስጥ የለም፤ የአራተኛው መቶ ዓመት የግሪክ አባቶችም ከአርዮስ ወገን ጋር ሲከራከሩ አልጠቀሱትም። ትምህርቱን በዚህ ጥቅስ ብቻ ያቆመ ሰባኪ፣ ወጣቱ ስልኩን ከፍቶ እውነቱን ባገኘ ቀን የሚመልሰው ያጣል።